ከኢምፕላንት በፊት ሳይነስ ማንሳት ለምን አስፈለገ?

የጥርስ ጤና፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ አንድ ጉዳይ የሚመለከቱ ናቸው፤ ይኸውም በላይኛው የመንጋጋ ጥርሶች ቦታ ኢምፕላንት (በጎደለ ጥርስ ምትክ አጥንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ከመተከሉ በፊት የሚደረገውና ሐኪሞች «ሳይነስ ሊፍት» የሚሉት ቀዶ ሕክምና ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዕድሜዬ 56 ሲሆን በላይኛው ቀኝ በኩል ሁለት መንጋጋ ጥርሶቼን ካስነቀልኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ኢምፕላንት ለማስተከል ስሄድ ሐኪሟ የቀረው አጥንት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ሳይነስ ሊፍት መሠራት እንዳለበት፣ ጠቅላላው ሥራም ከአንድ ዓመት በላይ እንደሚወስድ ነገሩኝ። የጥርስ ሐኪም ሳይነስ ውስጥ ምን ሊያደርግ ይገባል? በመጪው ክረምት ለሦስት ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ስለምሄድ ሁሉንም እዚያ በአንድ ጊዜ ማስጨረስስ አይቻልም?

መልስ፦ ከላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥር በላይ፣ በጉንጭና በዓይን ሥር መካከል፣ አየር የሞላበት ክፍት ቦታ አለ። በአፍንጫ ዙሪያ ካሉት ሳይነሶች ሁሉ ትልቁ ይህ ሲሆን በአዋቂ ሰው በአማካይ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ወደ አፍንጫ የሚወጣውም በጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው። ወለሉ የሚያርፈው በመንጋጋ ጥርሶቹ ሥሮች አናት ላይ በመሆኑ፣ በአንዳንድ ሰዎች የሥሩ ጫፍ ከሳይነሱ የሚለየው እጅግ በሳሳ አጥንት ብቻ ነው። ጥርሱ በቦታው ሳለ አጥንቱ ሥራ አለው፤ በእያንዳንዱ ጉርሻ ግፊት ስለሚቀበል ራሱን እያደሰ ይኖራል። ጥርሱ ሲነቀል ግን ከታች በኩል አጥንቱ ይሟሟል፣ ከላይ በኩል ደግሞ ሳይነሱ ወደ ባዶው ቦታ እየሰፋ ይወርዳል። የእርስዎም አጥንት ከአሥር ዓመት በኋላ 3 ሚሊ ሜትር ላይ የደረሰው ከሁለቱም አቅጣጫ ስለተበላ ነው። በተለምዶ የሚተከለው ኢምፕላንት ርዝመቱ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ያለ ዝግጅት ቢተከል አብዛኛው አካሉ ሳይነሱ ውስጥ ይንጠለጠላል እንጂ የሚይዘው አጥንት አያገኝም። አልፎ አልፎም ኢምፕላንቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ሳይነሱ ገብቶ ይቀርና በሌላ ቀዶ ሕክምና መውጣት ግድ ይሆናል።

ስለዚህ ሐኪሟ ያሰቡት ሳይነሱን ለመነካካት ሳይሆን ወለሉን ከፍ አድርገው ከሥሩ አጥንት እንዲበቅል ቦታ ለማዘጋጀት ነው። ሥራው አዲስ ሙከራ አይደለም። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሒልት ታተም በአላባማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ጀመሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ቦይን እና ጄምስ የተባሉ ሁለት የሙያ ባልደረቦች ስለ ዘዴው የመጀመሪያውን ጽሑፍ በሙያ መጽሔት አሳተሙ፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በየቀኑ የሚሠራ ሕክምና ሆኗል።

አጥንቱ እንደ እርስዎ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን የሚመረጠው መንገድ ከጎን በኩል የሚከፈተው ነው። ሐኪሟ ልክ እንደ ጥርስ ነቀላው በመርፌ ያደነዝዙዎታል፤ ስለዚህ ነቅተው ይቆያሉ፣ ግፊትና ንዝረት ይሰማዎታል እንጂ ሕመም ሊሰማዎት አይገባም። ድዱ ተሰንጥቆ ይነሳና ከጉንጭ በኩል ባለው የሳይነስ ግድግዳ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መስኮት ትከፈታለች። አጥንቱ የሚቆረጠው በክብ የአልማዝ መሰርሰሪያ ወይም በድምፅ ሞገድ በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ነው፤ የኋለኛው ጠንካራውን አጥንት ሲቆርጥ ለስላሳውን አካል ብዙም ስለማይጎዳ በእኔ አስተያየት ተመራጭ ነው። መስኮቷ ስትከፈት ሳይነሱን ከውስጥ የሚለብሰው ሽፋን ይታያል። ይህ ሽፋን ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ የተቀቀለ እንቁላል ሲላጥ ከቅርፊቱ ሥር የሚገኘውን ስስ ገለፈት ይመስላል። ሐኪሟ ጫፋቸው የደነዘዘ ጠማማ መሣሪያዎችን እየቀያየሩ ሽፋኑን ከአጥንቱ ላይ በቀስታ ይልጡትና ወደ ላይ ያነሱታል፤ ከሥሩ በሚፈጠረው ክፍት ቦታ የአጥንት ቅንጣት ይሞላሉ፣ መስኮቷን ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን በተሠራ ስስ ሽፋን ይከድኑና ድዱን ይሰፋሉ። ቅንጣቱ ከመሞላቱ በፊት ታካሚው ሲተነፍስ የሳይነሱ ሽፋን አብሮ ከፍና ዝቅ ሲል ይታያል፤ ሐኪሞችም ሽፋኑ እንዳልተቀደደ ከሚያረጋግጡባቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው።

ወደ ጊዜው ልምጣ፤ የደብዳቤዎ ዋና ነጥብ እሱ ይመስለኛል። የተሞላው ቅንጣት ራሱ አጥንት ሆኖ አይቀርም፤ የራስዎ አካል በመካከሉ የደም ሥር እየዘረጋና አዲስ አጥንት እየሠራ ቀስ በቀስ ይተካዋል ወይም ይከበዋል። ይህ በተለምዶ ከ6 እስከ 9 ወር ይወስዳል። ኢምፕላንቱ ከተተከለ በኋላ ደግሞ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል፤ ላዩ ላይ የሚታሰረው ክራውን፣ ማለትም የሚታየው ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሟ ከአንድ ዓመት በላይ ማለታቸው ሥራ ለማጓተት ሳይሆን እውነቱን ለመናገር ነው። 3 ሚሊ ሜትር አጥንት ላላቸው ሰው «በሦስት ሳምንት ሁሉንም ጨርሰን እንሸኝዎታለን» የሚል ክሊኒክ ካጋጠመዎት፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አዲስ አበባ፣ ወጪው ምንም ያህል ቢረክስ ያንን ቀጠሮ እንዲይዙ አልመክርዎትም።

ይህ ማለት ግን ሕክምናውን አገር ቤት ማድረግ አይቻልም ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ይህን የሚሠሩ የግል ክሊኒኮች አሉ፤ የአሜሪካ የጥርስ ኢንሹራንስም ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ1000 እስከ 2000 ዶላር በሚደርስ ጣሪያ ስለሚያቆም፣ ብዙ ሰው ለምን ወደ አገር ቤት እንደሚያይ ይገባኛል። ማድረግ የሚቻለው ሥራውን በጉዞዎች መከፋፈል ነው፤ ዘንድሮ ማንሳቱን፣ በሚቀጥለው ዓመት መትከሉን። እንዲህ ከወሰኑ ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያው ሳምንት ይሁን፤ ስፌቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፣ እብጠቱም በሐኪሙ ዓይን ሥር ይጎድላል። የክረምቱ ጉንፋንም ይታሰብበት፤ አፍንጫዎ ታፍኖ ወይም ሳል ይዞዎት ከደረሱ ጥንቁቅ ሐኪም ቀኑን ያራዝመዋል፣ ሦስቱ ሳምንትም በዚያው ሊያልቅ ይችላል። ከመነሳትዎ በፊት ደግሞ በሜሪላንድ ያሉትን ሐኪም ችግር ቢፈጠር ተቀብለው ያዩዎት እንደሆነ ፊት ለፊት ይጠይቋቸው። አንዳንድ ሐኪም ሌላ ሰው የጀመረውን ሥራ መንካት ስለማይፈልግ፣ መልሱን አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ክሊኒኮች አማክሬ ግራ ተጋብቻለሁ። አንዱ ሳይነስ በመስኮት ከፍተን አጥንት ከሞላን በኋላ ከወራት በኋላ እንተክላለን ይላል። ሌላው ደግሞ ከታች በኩል ጥቂት አንስተን በዚያው ቀን እንተክላለን ይላል። በፎቶው ላይ የታየው አጥንት 6 ሚሊ ሜትር ነው። የጎደለኝ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስና ከፊቱ ያለው ናቸው። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ሊሠሩ የሚችሉ መንገዶች ናቸው፤ 6 ሚሊ ሜትር ላይ ግን ወደ ሁለተኛው ሐሳብ አደላለሁ።

ጠቅለል ባለ አነጋገር አጥንቱ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማንሳት አያስፈልግም። ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ባለው መካከለኛ ክልል፣ ኢምፕላንቱ በሚገባበት በዚያው ቀዳዳ በኩል ወለሉን ከታች ወደ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መግፋት ይቻላል፤ ያለው አጥንት ኢምፕላንቱን አጥብቆ ለመያዝ ስለሚበቃም መትከሉ በዚያው ቀን ይፈጸማል። ይህን ዘዴ ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ሮበርት ሰመርስ ሲሆኑ የጻፉትም እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ እብጠቱም ያንሳል። ጉድለቱ ሐኪሙ ሽፋኑን በዓይኑ ሳያይ በስሜት መሥራቱ ነው። በመዶሻ በሚመታ መሣሪያ ከተሠራ ደግሞ አንዳንድ ሰው ከአልጋ ሲነሳ ወይም ጭንቅላቱን ሲያዞር ለቀናት የሚቆይ የማዞር ስሜት ይገጥመዋል፤ ንዝረቱ በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ጥቃቅን ቅንጣቶች ከቦታቸው ሲያናውጥ የሚመጣ ነው። በቀላል የጭንቅላት እንቅስቃሴ የሚታከም ስለሆነ አያስፈራም፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን በጣም ይደነግጣል። መዶሻ የማይጠቀሙ፣ በመሰርሰሪያ ወይም በውኃ ግፊት የሚሠሩ ዘዴዎችም አሉ።

ሁለቱም ክሊኒኮች ያልነገሩዎት ሦስተኛ መንገድ አለ፤ አጭር ኢምፕላንት። ርዝመታቸው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ኢምፕላንቶች ሳይነሱ ሳይነካ የሚተከሉ ሲሆን፣ ለዓመታት በተደረጉ ንጽጽሮች ሳይነስ ተነስቶ ከተተከሉት ረጃጅሞቹ ጋር የሚቀራረብ ውጤት አሳይተዋል። የአጥንትዎ ስፋትና ጥራት የሚፈቅድ ከሆነ ይህን ሳይጠይቁ ወደ ቀዶ ሕክምና አይግቡ።

ይህን ለመወሰን የሚያበቃ ፎቶ አንስተዋል ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። መንጋጭላውን በሙሉ በአንድ ጠፍጣፋ ፎቶ የሚያሳየው ፓኖራሚክ ኤክስሬይ ከፍታውን ሊያዛባ ይችላል፤ የአጥንቱን ስፋት፣ በሳይነሱ ውስጥ የሚገኙ የአጥንት ግርዶሾችን፣ የሽፋኑን ውፍረትና በጎን ግድግዳው ውስጥ የሚያልፈውን የደም ሥር ደግሞ በአስተማማኝ ሁኔታ አያሳይም። 6 ሚሊ ሜትሩ የተለካው በእሱ ከሆነ፣ ኮን ቢም ሲቲ የሚባለውን ባለ ሦስት አቅጣጫ ፎቶ እስኪያነሱ ድረስ የሁለቱም ክሊኒኮች ሐሳብ ግምት ነው።

በመጨረሻም የመጨረሻውን መንጋጋ ጥርስ የግድ መተካት አያስፈልግዎትም። ከፊቱ ያለው ተተክሎ የቀሩት ጥርሶችዎ ጤናማ ከሆኑ አብዛኛው ሰው ያለ እሱ በምቾት ያኝካል። ሳይነሱ በጣም ወርዶ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ እዚያ ጥግ ላይ በመሆኑ፣ እሱን ብቻ መተው ከባዱን ቀዶ ሕክምና ሊያስቀርልዎት ይችላል። ክሊኒኮች ይህን አማራጭ ለምን ቶሎ እንደማያነሱት ለመገመት አያዳግትም።

ጥያቄ፦ የሚሞላው አጥንት ከምን የተሠራ ነው? እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከአሳማ የተሠራ ነገር ወደ አካሌ እንዲገባ አልፈልግም። (ከቨርጂኒያ የጻፉልን አንዲት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይም ይህንኑ ጠይቀውናል።)

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሐኪምም ሊያፍርበት ወይም ሊያልፈው አይገባም። በሥራ ላይ ያሉት ምንጮች አራት ናቸው። አንደኛው የራስ አጥንት ነው፤ ከታችኛው መንጋጭላ የኋለኛ ክፍል ወይም ከአገጭ ይወሰዳል፣ ብዙ ሲያስፈልግ ከዳሌ። ቶሎ ይዋሐዳል፤ ነገር ግን ሁለተኛ ቁስል ይፈጥራል፣ መጠኑም ቶሎ ይቀንሳል። ሁለተኛው በሞት ከተለዩ ለጋሾች የተወሰደና በአጥንት ባንክ ተጣርቶ የተዘጋጀ የሰው አጥንት ነው። ሦስተኛው የእንስሳ ነው፤ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ፣ ባዮ-ኦስ የሚባለው የስዊዘርላንድ ምርት፣ ከከብት አጥንት የተዘጋጀ ሲሆን ሥጋዊው ክፍል በሙሉ ተወግዶለት የቀረው ማዕድኑ ብቻ ነው። ከአሳማ የሚዘጋጁ ቅንጣቶችም ግን ገበያ ላይ አሉ። አራተኛው ከካልሲየም ፎስፌት በፋብሪካ የሚሠራው ነው፤ ከሰውም ከእንስሳም የተወሰደ ነገር የለበትም።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር የመሸፈኛውን ምንጭ ነው። በመስኮቱ ላይ የሚደረበው የኮላጅን ሽፋን ከቅንጣቱ የተለየ ዕቃ ሲሆን፣ ባዮ-ጋይድ የሚባለውን ጨምሮ በሰፊው የሚሠራባቸው አንዳንድ ሽፋኖች ከአሳማ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ «አጥንቱ የከብት ነው» ተብሎ ሲነገርዎት ጥያቄዎ ገና ግማሹ ነው የተመለሰው። ከከብት ኮላጅን የተሠሩ ሽፋኖች አሉ፤ ከራስ ደም በሚያሽከረክር ማሽን ተዘጋጅቶ እንደ ሽፋን የሚደረብ የፋይብሪን (ደም ሲረጋ የሚፈጠር ፕሮቲን) ክምችትም በአንዳንድ ክሊኒኮች ይሠራበታል። የቅንጣቱንም የሽፋኑንም ማሸጊያ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ምንጩ በላዩ ላይ ወይም በውስጡ ባለው መግለጫ ላይ ተጽፏል። በሕክምና ምክንያት የሚፈቀድ መሆን አለመሆኑን ግን ሼኽዎንና የንስሐ አባትዎን የምትጠይቁት ነው፤ እኔ ማረጋገጥ የምችለው አሳማ የሌለበት አማራጭ በሙሉ ጥራት መኖሩን ነው።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ስለ አባቴ ነው። 67 ዓመታቸው ነው፣ የሚኖሩት ጎንደር ነው። ስኳር አለባቸው፣ የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፣ ሱረትም ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያሸታሉ። በግራ አፍንጫቸው በኩል ለረጅም ጊዜ ሳይነስ ያስቸግራቸዋል፤ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይወርዳቸዋል። ይህ ሁሉ እያለ ሳይነስ ሊፍት ማድረግ ይችላሉ?

መልስ፦ አሁን አይችሉም። አንድ ቀን ሊችሉ ግን ይችላሉ፤ ቅደም ተከተሉ የሚጀምረውም ከአፍንጫቸው ነው።

በአንድ ወገን ብቻ የሚቆይና መጥፎ ሽታ ያለው የሳይነስ ሕመም ብዙ ጊዜ ምንጩ ጥርስ ነው። በዚያ በኩል ሥሩ የመገለ ጥርስ ወይም ሲነቀል የቀረ ሥር ሊኖር ስለሚችል፣ ይህ ሳይገኝና ሳይታከም ለዓመታት አንቲባዮቲክ ቢወስዱ እፎይታው ጊዜያዊ ነው። የጥርስ ሐኪምና የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም በሲቲ ምስል አብረው ይዩአቸው፤ በዚህ ዕድሜ የአንድ ወገን ፈሳሽ ሌላ ነገር አለመሆኑም መረጋገጥ አለበት። መግል ባለበት ሳይነስ ሥር አጥንት መሙላት ማለት ቅንጣቱን ለኢንፌክሽን መስጠት ነው። (ከሲቲ በኋላ ትንሽ ክብ የውኃ ከረጢት ታይቶ ያለ ምንም ምልክት ከተገኘ ግን እሱ የብዙ ጤናማ ሰዎች ሳይነስ ውስጥ የሚገኝ ስለሆነ ብቻውን አያግድም።)

ስኳሩን በተመለከተ የሚጠየቀው የዚያን ቀን ጠዋት ልኬት ሳይሆን የሦስት ወሩ አማካይ ነው፤ ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ ብዙ ሐኪሞች እስኪወርድ ይጠብቃሉ። የደም ማቅጠኛውን በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡ አደራ፤ ለልብ ወይም ለአንጎል የታዘዘን ማቅጠኛ ለጥርስ ብሎ ማቆም ከጥርሱ ችግር የከፋ አደጋ ሊያመጣ ስለሚችል፣ የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው። ደብዳቤዎ ባያነሳውም ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር በመርፌ ወይም በእንክብል የሚሰጥ አጥንት አጠንካሪ መድኃኒት ወስደው እንደሆነ፣ ወይም ፊታቸውና አንገታቸው ላይ የጨረር ሕክምና ተደርጎላቸው እንደሆነ ይንገሩ። እነዚህ በመንጋጭላ ላይ የማይድን ቁስል ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ውሳኔውን ከሥሩ ይለውጡታል።

የቀረው ሱረቱ ነው። ትምባሆው የአፍንጫን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚያስቆጣ፣ ማስነጠሱ ደግሞ በአዲስ ቁስል ላይ ከፍተኛ ግፊት ስለሚፈጥር፣ ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት በፊት ጀምሮ ቁስሉ እስኪሽር ድረስ ጨርሶ መተው አለባቸው። ለሲጋራና ለሺሻም እንዲሁ ነው። አባትዎ ሱረቱን እንደማይተዉ ካወቁ በሐቀኝነት ይናገሩ፤ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ተነቃይ ጥርስ ወይም ግራና ቀኙን ጥርስ የሚያያይዝ ብሪጅ ለእሳቸው የተሻለ መልስ ይሆናል፣ ይህም እንደ ሽንፈት መታየት የለበትም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። አዲስ አበባ ላይ ሳይነስ ሊፍት ተሠርቶልኝ በአምስተኛው ቀን ወደ ሥራዬ መብረር አለብኝ። በአውሮፕላን ችግር ይፈጥራል? ከቀዶ ሕክምናው በኋላስ ምን መጠንቀቅ አለብኝ? ጾም ላይም ነኝ።

መልስ፦ የሚቻል ከሆነ በረራውን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያራዝሙት፤ ሳይነሱ በሰፊው ከተነሳ ወይም ሽፋኑ ተቀዶ ከተጠገነ ከዚያም በላይ ሊባሉ ይችላሉ። ምክንያቱ ከፍታው ብቻ አይደለም። የአውሮፕላን ውስጠኛው ክፍል አየር የሚስተካከለው ቢበዛ በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው፤ አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2350 ሜትር ስለሆነች፣ ከቦሌ ሲነሱ የሚሰማዎት ለውጥ እምብዛም ነው። ችግሩ የሚመጣው ወደ ዱባይ ሲወርዱ ነው፤ የውጩ ግፊት እየጨመረ ሲሄድ በእብጠትና በደም የተደፈነው የሳይነሱ ጠባብ ቀዳዳ አየር ስለማያሳልፍ ከባድ ሕመምና የደም መፍሰስ ሊከተል ይችላል።

ለሁለት ሳምንት ያህል ዋናው ጥንቃቄ በአፍንጫና በአፍ ውስጥ ግፊት አለመፍጠር ነው። አፍንጫዎን አይናፈጡ፤ የሚወርደውን በመሐረብ ብቻ ይጥረጉት። ማስነጠስ ሲመጣ አፍንጫዎን ይዘው አያፍኑት፤ አፍዎን በሰፊው ከፍተው ያስነጥሱ። በስትሮ አይጠጡ፣ ፊኛ አይንፉ፣ ከባድ ዕቃ አያንሱ፤ ጫማዎን ሲያስሩ እንኳ ጭንቅላትዎን ከመድፋት ተቀምጠው ያስሩ። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በሁለት ትራስ ጭንቅላትዎን ከፍ አድርገው ይተኙ። የጉንጭ እብጠት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጎልቶ ይታያል፣ ዓይን ሥር የሚወርድ ብለዝም ያጋጥማል፤ በመጀመሪያው ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ እያሳረፉ ማስቀመጥ ይረዳል። ቡናው ለጥቂት ቀናት ቀዝቀዝ ይበል። ጫት በዚያ በኩል ጉንጭ መያዝ ስፌቱን ስለሚያነሳ ክልክል ነው።

ጾሙን በተመለከተ ምግቡ ችግር የለውም፤ ሚጥሚጣና በርበሬ ያልበዛበት ለስላሳ ሽሮ፣ የአጃ አጥሚት፣ የተፈጨ የምስር ሾርባ፣ አቮካዶ ሁሉም ይስማማሉ። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። የሚታዘዝልዎት አንቲባዮቲክና የሕመም ማስታገሻ በሰዓቱ፣ አንዳንዱም ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምሱ ከሆነ ለሐኪምዎም ለንስሐ አባትዎም ነግረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይስማሙበት፤ መድኃኒቱ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በሚወሰድ ሊቀየርልዎት ይችላል።

በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ከአፍንጫ ትንሽ ደም ቢወርድ አይደንግጡ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ እብጠቱ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ መጥፎ ሽታ ወይም የጨው ጨው የሚል ፈሳሽ ወደ ጉሮሮ ከወረደ፣ ነጫጭ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከአፍንጫ ከወጡ ወይም ውኃ ሲጠጡ በአፍንጫ ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ በሥራው መካከል «ሽፋኑ ስለተቀደደ አጥንት ሳልሞላ ዘግቼዋለሁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ይደገማል» አሉኝ። ስሕተት ሠርተውብኛል? ለከፈልኩትስ ገንዘብ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሽፋኑ መቀደድ የዚህ ቀዶ ሕክምና በጣም የታወቀ እክል ነው፤ በልምድ ባላቸው እጆችም ከ100 ሰዎች ከ10 እስከ 30 በሚሆኑት ላይ እንደሚደርስ በብዙ ጥናቶች ተመዝግቧል። ግርዶሽ ያለበት ሳይነስ፣ በጣም የሳሳ ሽፋን፣ ቀድሞ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ዕድሉን ከፍ ያደርጉታል። ትንሽ ቀዳዳ በኮላጅን ሽፋን ተጠግኖ ሥራው ይቀጥላል። ትልቅ ሲሆን ግን ቅንጣቱ ወደ ሳይነሱ ተበትኖ ኢንፌክሽን እንዳያመጣ ቁሞ መዝጋትና ሽፋኑ እስኪሽር መጠበቅ ትክክለኛው ውሳኔ ነው። ሐኪምዎ ይህን ማድረጋቸውና በግልጽ መንገራቸው፣ በግድ ከመቀጠል የሚመረጥ ነው። ጥያቄ የሚያስነሳው ሥራው የተጀመረው ያለ ባለ ሦስት አቅጣጫ ፎቶ ከሆነ፣ ወይም ይህ ሊደርስ እንደሚችል ፊርማዎን ሲወስዱ ያልተነገረዎት ከሆነ ነው።

ስለ ገንዘቡ፣ ደረሰኝዎ የቀዶ ሕክምናውን፣ የቅንጣቱንና የሽፋኑን ዋጋ ለየብቻ የሚያሳይ ከሆነ ያልተጠቀሙበትን ዕቃ ሒሳብ ለሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲያዙልዎት መጠየቅ ተገቢ ነው። በጥቅሉ «ሳይነስ ሊፍት» ተብሎ የተጻፈ ከሆነ፣ የሁለተኛው ዙር ክፍያ ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደሚለይ አሁኑኑ በጽሑፍ ያስሰጡ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የላይኛው መንጋጋ ጥርሴ ሊነቀል ነው። ከዓመታት በኋላ ኢምፕላንት ብፈልግ እዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ እንዳልገባ አሁን ማድረግ የምችለው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። በመጀመሪያ ጥርሱ በሥር ሕክምና ሊተርፍ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። መነቀሉ ግድ ከሆነ ሐኪሙ ሥሮቹን ከፋፍሎ፣ ግድግዳውን ሳይሰብር፣ በቀስታ እንዲነቅለው ይጠይቁ፤ በነቀላ ላይ የሚሰበረው አጥንት በኋላ የሚፈለገው ያው አጥንት ነው። ጥርስ ከተነቀለ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የአጥንቱ ስፋት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ስለሚችልም፣ የጉድጓዱ ግድግዳዎች ሙሉ ከሆኑ በዚያው ዕለት በአጥንት ቅንጣት ሞልቶ መስፋት መቀነሱን ያለዝበዋል፤ ጨርሶ ግን አያስቀረውም። ዋጋው በኋላ ከሚመጣው ቀዶ ሕክምና እጅግ ያነሰ ነው። ኢምፕላንት የማስተከል ሐሳብ ካለዎትም «ከዓመታት በኋላ» አይበሉ፤ ጉድጓዱ ከሞላ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ተመልሰው ይለኩ። ሥሩ መግል የያዘ ከሆነ ሐኪሙ መሙላቱን ለሌላ ቀን ሊያቆየው ይችላል፤ ስለዚህ የሚነቀልበትን ቀን ሳይጠብቁ ኤክስሬዩን ይዘው በዚህ ሳምንት ያነጋግሩት።